የታጠበው ጪጮ

ሰው ለማስታመም የተቀጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ያህል ማድ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ እዚሁ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ምሳ የሚበሉበት ሆቴል። የሆቴሉ ባለቤት የድስቱን ቂጥ በጣቷ ጠርጋ ጥላሸት ካገኘች ያንኑ ጣቷን አምጥታ አፍንጫዬ ሥር ትቀስረው ነበር። እንዲህ ያለ ጣት ሃያ ዓመት ሲቀሰርበት የኖረ ሰው ጽዳት አባዜ ይሆንበታል። እኔ ለቅሶ ቤት ሄጄ እንኳ እጄ አያርፍም፤ ሰው ደረቱን ሲመታ እኔ ጓዳ ገብቼ ብርጭቆ ሳሻሽ እገኛለሁ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ኋላ ላይ ለሠራሁት ጥፋት ማስተባበያ እንዲሆነኝ ነው።

ሆቴሉ ሲዘጋ ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። ልጅ የለኝም፤ ከባሌ ከተለያየሁ ቆይቻለሁ። ወላጆቼ ከደጋ መጥተው እዚህ ወልደውኝ እዚሁ ያረፉ ናቸው፤ እንግዲህ አገር ቤት ልግባ ብል የምገባበት ሌላ አገር የለኝም። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤቴ፣ ማንያታ ሰፈር ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ አንዲት የቦረና አሮጊት እንዳሉ፣ ናይሮቢ የምታስተምር ልጃቸውም አብራቸው የምትኖር ሴት እንደምትፈልግ ነገረችኝ።

"አፋቸው ግን እሳት ነው" አለችኝ።

"የእኔስ?" አልኳት።

ቤቱ ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጊቢው ሰፊ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ክፍል ለብቻዋ የቆመችበት። አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው አገኘኋቸው። ቀጭን ናቸው፤ ዓይናቸው ግን አላረጀም። ከራስጌያቸው ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር ዕቃ በጠፍር ተንጠልጥሏል። ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ በአማርኛ፣ "ያ ኢንታላ፣ ታንኮራፊያለሽ?" አሉኝ። ያ ኢንታላ ማለት አንቺ ልጅ ማለት ነው። በአርባ ሦስት ዓመቴ ልጅ ያለኝ ሰው በማግኘቴ ሳልወድ በግድ ሳቅሁ። አማርኛውን የለመዱት ማዶ፣ በኢትዮጵያ በኩል፣ ሠላሳ ዓመት ቅቤ ሲሸጡ ነው። እኔም ልጃቸው እንደምትጠራቸው አዮ አልኳቸው፤ እማዬ እንደ ማለት ነው።

ልጃቸው ፈቃዷ አልቆ በማግሥቱ ልትሄድ ነበር። መድኃኒቱን አሳየችኝ። ነርሷ ያዘዘችውንም ነገረችኝ፤ በቀን አሥር ጊዜ መቆም፣ ምርኩዝ ይዞ መራመድ፣ ወተት በደንብ መጠጣት። ከዚያ ወደ ደጅ አወጣችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ትምህርት ቤት በሚያዝያ ይዘጋል፣ ያኔ እመጣለሁ። በእግሯ ቆማ ካገኘኋት እዚሁ ትኖራለች። አልጋ ላይ ካገኘኋት ግን ይዣት እሄዳለሁ። እዚያ ሆኜ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ እየቆመ መኖር አልቻልኩም።"

ከውስጥ ከዘራ የአልጋውን ብረት ሲመታ ተሰማ። "ሰምቻለሁ! ናይሮቢ የሚሄደው ሬሳዬ ነው!"

አዮ ናይሮቢን ያውቋታል። አንድ ጊዜ ልጃቸው ጋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ወር ተቀምጠው ነበር። ፊት ለፊት ያለው በር የማን እንደሆነ ቢጠይቁ ልጃቸው እንኳ አላወቀችም። "በር ለበር እየኖሩ ስም አይጠያየቁም" ይሉኝ ነበር፤ "እዚያ ብሞት ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።" ማንያታ ግን አላፊው አግዳሚው በመስኮት ያያቸዋል፤ ቦዳቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ነጂ ሳይቀር ሞተሩን አቀዝቅዞ ሰላም ብሏቸው ያልፋል። እኚህን ሴት ከዚህ መስኮት ነቅሎ ፎቅ ላይ መስቀል ግፍ ነው ብዬ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ከእሳቸው ጋር ወገንኩ።

መወገኑ ቀላል ነበር፤ ማስነሳቱ ነው የከበደኝ። የመጀመሪያ ሰሞን እግራቸው ሥር ፍራሽ ዘርግቼ እተኛለሁ። ሲፈልጉኝ የአልጋውን ብረት በከዘራ ይመታሉ፤ አንድ ጊዜ ከሆነ ውሃ፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ማገላበጥ፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ማንኮራፋቴን ላቁም ነው። አጥባቸዋለሁ፣ እግራቸውን በቅቤ አሻለሁ፣ ያቺን ስስ ፀጉራቸውን እጎነጉናለሁ። ለዚህ ሁሉ እሺ ናቸው። "አዮ፣ እንቁም" ስላቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

"ወዴት ልሄድ ነው የምቆመው? ተማሪ ነኝ እንዴ፣ ተነስ ተቀመጥ?"

እለምናለሁ፣ እቆጣለሁ፣ ናይሮቢን አነሳባቸዋለሁ። ምንም የለም። እሳቸው ግትር፣ እኔም ግትር፣ ተፋጠን እንውላለን።

የሚወዱት ነገር ወተት ነው። ኦቦ ከሚባለው መንደር ወተት ይዛ የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት በቦዳቦዳ ትደርሳለች፤ በአንዱ ጄሪካን የግመል፣ በሌላው የላም። ለአዮ ከላሙ ትቀዳላቸዋለች፤ የምትቀዳውም ያ ከራስጌያቸው የተንጠለጠለው ጥቁር ዕቃ ውስጥ ነው። ጪጮ ይባላል። ከተክል ሥር በተፈተለ ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሰፋ፣ ክዳን ያለው የወተት ዕቃ ነው። አዮ ጠጥተው ሲጨርሱ አልጋቸው ላይ እንዳሉ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ያስጨምሩበትና አንቦጫቡጨው ያስደፉታል። አለቀ። ሳሙና የለ፣ ሙቅ ውሃ የለ። እኔ ያንን ባየሁ ቁጥር የሆቴሉ ባለቤት ጣት አፍንጫዬ ሥር ይመጣብኛል። አንድ ቀን ክዳኑን ከፍቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ከሰል ይመስላል። እናቴ ድረሺ፣ ከዚህ ነው የታመመ ሰው የሚጠጣው አልኩ።

የዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አዮ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ወገቤን አሰርኩና ጪጮውን አውርጄ ወደ ጊቢ ወጣሁ። ውሃ አፈላሁ። የልብስ ሳሙና በጠበጥኩ። የድስት ማሻሻ ሽቦ ጨመርኩና ፈተግሁት። የወጣውን ጥቁር ውሃ ብታዩ! ሦስት ጊዜ ቀየርኩለት። ጥቁሩ ለቆ የክሩ ቡናማ ቀለም እስኪታይ ድረስ ፈትጌ ፀሐይ ላይ ደፋሁት። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሲነቁ ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ በልቤ ምስጋናቸውን እሰማ ነበር።

ነቁ። ከጠዋቱ ከተረፈው ወተት ቀድቼ ሰጠኋቸው። ወደ አፋቸው አስጠጉና ቆሙ። አሸተቱ። ጣታቸውን ወደ ውስጥ ከትተው ዳበሱ። ከዚያ ጪጮውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አዩኝ።

"ማን ነግሮሽ አጠብሽው?" አሉ።

"ቆሽሾ ነበር እኮ አዮ።"

"እናቴ ናት የሰፋችው። ስዳር የሰጠችኝ ነው። እሷ አጠነች፣ እኔ አጠንኩ። ያ ጥቁሩ..." አማርኛው ጠፋባቸው። በቦረንኛ ጥቂት ተናገሩ። ቀጥለው ጪጮውን መልሰው በእጄ አስያዙኝና ወደ ግድግዳ ዞሩ።

ያኔ ነው የገባኝ። የቦረና ወተት ዕቃ በጭስ ነው የሚጸዳው። ያ እኔ ቆሻሻ ያልኩት ጥቁር ስልሳ ዓመት ሙሉ እናትና ልጅ ጭስ እያጠጡ ያጠራቀሙት ነው፤ ወተቱን ከመበላሸት የሚጠብቀውም፣ ጣዕም የሚሰጠውም እሱ ነው። ከተማ ተወልጄ፣ እዚሁ ጎናቸው አድጌ፣ ይህን አለማወቄን ሳስብ ዛሬም ያሳፍረኛል። ሠርጋቸውን ነበር በሽቦ የፈተግሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዮ ወተት አልጠጣም አሉ። በኩባያ ሰጠሁ፣ አይሆንም። ሻይ ውስጥ ደበቅሁ፣ አሸተቱና መለሱ። ሦስት ቀን በውሃ ሻይና በሁለት ጉርሻ ኡጋሊ፣ በበቆሎ ገንፎ ዋሉ። ከዘራውም ጸጥ አለ። አንኮራፋለሁ ብዬ ነቅቼ ብጠብቅ እንኳ ብረቱን አይመቱብኝም። ስልክ ደውዬ ለልጃቸው ልንገራት አልኩና ፈራሁ። ብነግራት በማግሥቱ ልትወስዳቸው ነው። ባልነግራት ደግሞ እጄ ላይ ሊያልቁ ነው።

በአራተኛው ቀን የወተቷን ሴት በር ላይ ይዤ ጥፋቴን ነገርኳት። መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች። በኋላ ፊቴን አይታ ሳቋን ዋጠችው።

"በአንድ ቀን አይመለስም" አለችኝ፤ "ግን ይመለሳል። ደረቅ ወይራ አመጣልሻለሁ። አንቺ ራስሽ አጥኚው።"

"አንቺ አታጥኚልኝም?"

"ያጠበው እጅ ነው ማጠን ያለበት። ሌላ ሰው ካጠነው እሷ ታውቃለች።"

በማግሥቱ አንድ እስር የወይራ ፍልጭ ይዛልኝ መጣች። እንዴት እንደሚሆን ጠይቄ ተረዳሁ፤ ተረዳሁ ብዬ አሰብኩ ማለት ይሻላል። በሩ አጠገብ ሦስት ድንጋይ ጎለትኩ፣ ወይራውን አቀጣጠልኩና ከነነበልባሉ ጪጮው ውስጥ ሰደድኩት። የአፉ ጠርዝ ሲርር ሸተተኝ። እኔ ብቻ አይደለሁም የሸተተኝ። ለአራት ቀን ጸጥ ያለው ከዘራ ከውስጥ ብረቱን ይቀጠቅጠው ጀመር፤ ሦስትም አራትም አይደለም፣ ቁጥር የለውም።

"ያ ኢንታላ! መጀመሪያ ገደልሽው፣ አሁን ልታቃጥይው ነው? ጭስ ነው የሚገባው! እሳት አይገባም! ዋቆ፣ አምላኬ፣ ይህችን ሴት ማን አመጣብኝ?"

እየሮጥኩ ገባሁ። አዮ ብርድ ልብሱን ገፈው እግራቸውን ከአልጋው አውርደዋል።

"ከዚህ ሆኜ እንዴት ላሳይሽ? አንሺኝ!"

አንሺኝ! ምላሴን ነከስኩ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ምን እያደረጉ እንደሆነ ይገባቸውና ተመልሰው ይተኛሉ ብዬ ፈራሁ። ብብታቸው ሥር ገብቼ አነሳኋቸው። ከአልጋው እስከ በሩ ዘጠኝ እርምጃ ነው። አራተኛው ላይ ቆመን ተነፈስን። ሰባተኛው ላይ ረገሙኝ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ነጭ ላብ አጥምቋቸዋል፤ እኔም ከእሳቸው አልተሻልኩም። የፕላስቲክ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው።

ከዚያ አሳዩኝ። ፍልጩ ይነድዳል፣ ነበልባሉ እፍ ተብሎ ይጠፋል፣ ፍሙ ብቻ ሲቀር ወደ ጪጮው ይገባና ግድግዳውን ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ እየተባለ ይታሻል። ክዳኑ ይዘጋል። ጭሱ እንዲጠጣ ይጠበቃል። ይከፈታል፣ ፍሙ ይራገፋል፣ አመዱ በሣር መጥረጊያ ይጠረጋል፣ እንደገና። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጪጮውን ሲይዙ ግን መንቀጥቀጡ ይተዋቸዋል። ያን ቀን ጥቂት ወተት አስቀድተው በከንፈራቸው ነኩና መልሰው ተፉት።

"ሳሙና" አሉ።

በማግሥቱም ሳሙና። በሦስተኛውም ሳሙና። እኔም በየቀኑ አነድዳለሁ፣ እሳቸውም በየቀኑ ጥፋቴን ሊያዩ ይነሳሉ። ስንት ጊዜ ቆሙ ብዬ መቁጠሩን ተውኩት።

አንድ ቀን፣ "አንቺም ቅመሺና ንገሪኝ እንጂ፣ እኔ ብቻ ነኝ የምቀምሰው?" ብለው ጪጮውን ዘረጉልኝ።

"ጾም ነው አዮ። እስከ ፋሲካ ወተት አልቀምስም።"

ቶሎ ሰበሰቡት። "ሳዋ" አሉ፣ ይሁን እንደ ማለት። "የእኔ ረመዳንም ከፋሲካችሁ በኋላ ይመጣል። ጾም ጾም ነው። በአፍንጫሽ ተማሪ።"

እናም ሙያውን የተማርኩት በአፍንጫዬ ነው። እርጥብ እንጨት ሲሆን የሚያስነጥስ ጭስ አለ። ሲያርር የሚመር አለ። ትክክለኛው ሲሆን ደግሞ ዝናብ ከመጣሉ በፊት መሬቱ የሚሸተውን የመሰለ፣ ጣፈጥ የሚል ነገር ክዳኑ ሲከፈት ብቅ ይላል። ምን ምን እንደሚል ሳልቀምሰው በየቀኑ የማበስለው ነገር ሆነብኝ። ሃያ ዓመት ሆቴል ውስጥ ስሠራ ወጥ ሳልቀምስ አውጥቼ አላውቅም።

ተንኮልም ጀመርኩ። የጎለትኳቸውን ሦስት ድንጋዮች በየሁለት ቀኑ አንድ እርምጃ ከበሩ አርቃቸዋለሁ። ጭሱ ቤት ይገባል እላለሁ። ሌላ ጊዜ ነፋሱ ዞሯል እላለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጥላው እዚያ ይሻላል። አዮ እያጉረመረሙ ይከተላሉ። መጀመሪያ በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ይዘው ነበር፣ ኋላ በአንድ እጃቸው፣ ኋላ ደግሞ መቀነቴን ብቻ። ምድጃው የጊቢው ጥግ፣ የዚያች ትንሽ ክፍል በር አጠገብ ሲደርስ ቆም ብለው ተመለከቱኝ።

"ነገ ደግሞ ኦቦ ልታደርሺው ነው?"

ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቀውብኛል። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። የወተቷ ሴት ስትገባ እኔ መሬት ላይ፣ እሳቸው ወንበሩ ላይ እንባችንን ስንጠርግ አገኘችን።

የመጋቢት ወር ማለቂያ ላይ ይመስለኛል፣ አዮ እንደ ልማዳቸው አስቀድተው ቀመሱ። ሳሙና እስኪሉ ጠበቅሁ። አላሉም። ደግመው ጠጡ። ሌላ ወሬ ጀመሩ፣ ስለ አንድ ድሮ ስለሸጡት ወይፈን፤ እያወሩም ጨረሱት። እኔ ምድጃውን የማስተካክል መስዬ ፊቴን አዞርኩና አለቀስኩ። ያን ሰሞን ደስተኛ ነበርኩ። ሰው ደስተኛ የሚሆነው ወይ ሲያገባ ወይ ሲወልድ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ግን በአንድ የጭቃ ቤት ጊቢ ውስጥ፣ በሰው እናት፣ በአንድ ወተት ዕቃ ደስተኛ ሆንኩ። በዚያው ሰሞን አዮ፣ "ከእንግዲህ ማንኮራፋትሽን እዚያ ሆነሽ አንኮራፊ" ብለው ወደ ጥጓ ክፍል አዛወሩኝ። ብቻቸውን ማደር ችለዋል ማለት ነው።

ልጃቸው በፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ እንደምትገባ ደወለች። አዮ ከማለዳው ጀምረው ታጥበው፣ አዲሱን ጉርድ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ደጅ ተቀመጡ። የአውቶቡስ ጥሩንባ በሰሙ ቁጥር ብድግ ይላሉ። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳበት። ረፋዱ አለፈ፣ ምሳ አለፈ፣ ፀሐዩ በረታ። ወደ አሥር ሰዓት ግድም፣ "ወገቤ እንቢ አለ፣ ትንሽ ልጋደም" አሉ። አስገብቼ አስተኛኋቸው። ጫማቸውን አውልቄ ሳልጨርስ ልጃቸው ሻንጣ እየጎተተች በበሩ ገባች።

እናቷን ያገኘቻቸው ጥላቸው የሄደችበት ቦታ፣ ያው ትራስ ላይ ነው።

"ይራመዳሉ እኮ!" አልኩ ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ። "በእግዚአብሔር ስም፣ አሁን ከደጅ መግባታቸው ነው! አዮ፣ እስቲ ቁሙና አሳዩዋት።"

አዮ ዓይናቸው ሻንጣው ላይ ነበር። ትልቅ ነው፣ ባዶም ነው። የማን ልብስ ሊገባበት እንደመጣ ገባቸው። ፊታቸው ተከረቸመ።

"ገበያ የወጣሁ ግመል ነኝ እንዴ፣ ቁሚ የምትሉኝ?" አሉና ወደ ግድግዳ ዞሩ።

ልጅቱ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእናቷን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ዳበሰች። "እህቴ፣ ስለ ልፋትሽ ተባረኪ" አለችኝ፤ "ሥጋዋ ተመልሷል፣ አያለሁ። ግን ቃሌ ቃል ነው። ሰኞ እንሄዳለን።" አመሻሹ ላይ የእናቷን ልብሶች እያጠፈች ሻንጣው ውስጥ ከተተች። አዮ ከግድግዳው አልዞሩም። ደሜ ፈላ። ልጅቱ ላይ ሳይሆን እሳቸው ላይ። ሁለት ወር ሙሉ ድንጋይ ያስጎተተኝን እግር ለአንዲት ደቂቃ ማቆም እንዴት ያቅታል? ኩራታቸውን ጠላሁት። ያንን ኩራት ባልወደው ኖሮ ግን እንዲህ አልበግንም ነበር።

ማዶ ተሻግሬ ቤተ ክርስቲያን አነጋሁ። ሰው ሁሉ እልል ሲል እኔ ስለ አንድ ሻንጣ እጸልይ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተመለስኩ፤ ሻንጣው ተዘግቶ በሩ አጠገብ ቆሟል፣ እናትና ልጅ ተኝተዋል። ክፍሌ ገባሁና ከነነጠላዬ ጋደም አልኩ። ዳቦ ልገምጥ ብል እንኳ አልወርድ አለኝ።

የነቃሁት ፀሐይ ወጥታ ነው። የነቃሁትም ከዘራው ባለመሰማቱ ነው። በዚህ ሰዓት አንድ ጊዜ መምታት ነበረበት፣ ውሃ። ጆሮዬን ጣልኩ፣ የለም። እንደምንም ተነስቼ በሩን ስከፍት ደፉ ላይ ቆመዋል።

አዮ ናቸው። ብቻቸውን። በቀኝ እጃቸው ከዘራ፣ ከትከሻቸው ላይ በጠፍሩ የተንጠለጠለ ጪጮ። ከአልጋቸው እስከ በራቸው ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ ከበራቸው እስከ እኔ ክፍል ጊቢው ሙሉ። ግንባራቸው ላብ አውጥቷል፣ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግን ቆመዋል። ከኋላቸው፣ ከቤቱ በር ላይ፣ ልጃቸው ባዶ እግሯን ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች።

"እንዳትነኪኝ አለችኝ" አለች ልጅቱ ከሩቅ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። "አልጋዋን ይዛ ተነሳች፤ ልይዛት ብል በከዘራ ልትለኝ!"

አዮ ዞር ብለው አላዩዋትም። ጪጮውን ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝ።

"ፋሲካሽ ነው አይደል? ጾምሽን ፍቺ። የላም ነው፤ የግመል አይደለም። የእናንተን ሰዎች አውቃለሁ።"

ክዳኑን ከፈትኩ። ሁለት ወር በአፍንጫዬ ብቻ የማውቀው ያ ሽታ ወጣ። ጠጣሁ። ወይራው መጀመሪያ ምላሴ ላይ መረር አለ፣ ከዚያ ጣፈጠ፣ ከዚያ ወተቱ መጣ። ለካ ይህን ነበር በሳሙና ያጠብኩባቸው። ለካ ይህን ነበር ስሠራ የከረምኩት። እንባዬ እየወረደ ጠጣሁት፤ ለመጥረግም እጅ አልነበረኝም።

ልጅቱ ወደ ውስጥ ገባች። ትንሽ ቆየችና የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት እስከ ጊቢው ጥግ ድረስ ተሰማ። አዮም ሰሙት፤ ፊታቸው ላይ ግን አንዳች ነገር አልታየም። የክፍሌን በር ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ወንበሬን በከዘራቸው ወደ ራሳቸው ጎትተው ተቀመጡና ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ያ ኢንታላ" አሉኝ።

"አቤት አዮ።"

"ስትጨርሺ እንዳታጥቢው።"